መሬቱን ልትለኩ ነው?

ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ማለዳ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት ስድስት ሆነን ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጥተን ሰንዳፋ ስንደርስ ምሥራቁ መቅላት ጀምሯል። የደረሰው ስንዴና ጤፍ ሜዳውን ቢጫ አድርጎታል፤ ከእርሻው በላይ ቀጭን ጉም ተንሳፏል። ከስድስታችን ካሜራ ያለን ሁለት ብቻ ነን። የቀሩት በስልክ ነው የሚያነሱት። እኔ የያዝኩት ያገለገለ ሚረርለስ ካሜራ ሲሆን፣ ለመግዛት አንድ ዓመት ሙሉ ቆጥቤበታለሁ። ባለ ሦስት እግሩን ትራይፖድ በእርሻው ድንበር ላይ ተክዬ ፀሐይዋን መጠበቅ ጀመርኩ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ከመካከላችን አንዷ የሰንዳፋ ልጅ ስለሆነች ቀድማ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ በወጉ ተጠያየቁ። ከዚያ ሽማግሌው ትራይፖዱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና በአማርኛ ጠየቁን፦

«ልጆቼ፣ መሬቱን ልትለኩ ነው?»

ከእኛ አንዱ ሳቅ አመለጠው። እህታችን ግን አልሳቀችም። «አይደለም አባባ፣ ፎቶ ለማንሳት ነው የመጣነው» አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልሄዱም። ዱላቸውን ተደግፈው እስክንጨርስ ድረስ እዚያው ቆሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ እህታችን ነገሩን አስረዳችን። አዲስ አበባ ወደ ጎረቤቶቿ እየሰፋች ባለችበት በዚህ ዘመን፣ በሰንዳፋም ሆነ በሱሉልታ፣ በቡራዩም ሆነ በሰበታ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዞ እርሻ ላይ የሚቆም ሰው ብዙውን ጊዜ ቀያሽ ነው። ቀያሹ ከመጣ በኋላ ችካል ይመጣል። ከችካሉ በኋላ ደግሞ መሬቱ የሌላ ይሆናል። የሽማግሌው ጥያቄ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ያዩትን ከሚያውቁት ጋር አመዛዝነው ነው የጠየቁት።

ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ካሜራ ወደ አገራችን እንዴት እንደመጣ ማንበብ ስጀምር ደግሞ ሽማግሌው ከገመትኩትም በላይ ትክክል ሆነው አገኘኋቸው። ውድ አንባቢያን፣ በተለይም እንደ እኔ ካሜራ አንግታችሁ ቅዳሜን ከከተማ ውጭ የምታሳልፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ካሜራ በሚስዮናዊ እጅ

በኢትዮጵያ ካሜራ ይዞ እንደገባ ከሚታወቁት ሰዎች የመጀመሪያው ንጉሥ ወይም ነጋዴ አይደለም። ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ ነው። ስተርን በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ ክርስትናን የተቀበለና በለንደን ባለ የሚስዮን ማኅበር የተላከ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ለመስበክ ሲመጣ ካሜራውን ይዞ መጣ።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት ምን ያህል ድካም እንደነበረ አስቡት። በጊዜው በስፋት ይሠራበት በነበረው ዘዴ ፎቶው የሚነሳው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ሰሌዳውን በፈሳሽ መድኃኒት ይቀባዋል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ያስገባዋል፤ ሳይደርቅ ያነሳበታል፤ አሁንም ሳይደርቅ ጨለማ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚነሳው ሰው ደግሞ ሳይነቃነቅ ለብዙ ሰከንዶች መቆም ነበረበት። በአሮጌ ፎቶዎች ላይ የሚታዩት ሰዎች ፊታቸው ድርቅ ያለው በአብዛኛው ተቆጥተው ሳይሆን እንዳይንቀሳቀሱ ተጠንቅቀው ነው።

ስተርን ወደ አውሮፓ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1862 የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ስለ ንጉሠ ነገሥቱም ያወሳ ነበር። የቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬም አብሮ አስፍሯል። ስተርን በ1863 እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የጻፈው ነገር ቀድሞት ደርሶ ነበር። ንጉሡ ተቆጡ። ስተርን ተደበደበ፣ ታሰረ፣ እስከ 1868ም ድረስ በእስር ቆየ። ለቁጣው ሌሎች የፖለቲካ ምክንያቶችም ነበሩ። ነገር ግን የተናቀች እናት ጉዳይ ከክሶቹ መካከል አንዱ ነበር።

ይህን ታሪክ እንደ ወንጌላዊ ክርስቲያን ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። በአንድ በኩል ሰውየው ለእምነቱ ዋጋ ከፍሏል። በሌላ በኩል ግን ስለ አንድ ሕዝብ ያየውንና የሰማውን ሰብስቦ፣ ባለቤቶቹ አያነቡትም ብሎ ባሰበበት ሩቅ አገር አውጥቶታል። ያነሳናቸው ሰዎች ፎቷቸው የት እንደደረሰ አያውቁም ብለን ስናስብ እኛም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራና ካርታ አብረው ሲመጡ

ስተርንና ሌሎቹን እስረኞች ለማስፈታት የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒር እየተመራ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ በኩል ገባ። ከጦሩ ጋር ከመሐንዲሶች ክፍል የተውጣጡ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ዋና ሥራ ምን እንደነበር ሳነብ የሰንዳፋው ሽማግሌ ድምፅ እንደገና ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነበር። ተራራውን፣ ገደሉን፣ የጦሩን ሰፈርና ሰዎችንም አነሱ። ሆኖም ካሜራው የመጣው በመጀመሪያ ደረጃ መንገድና መሬት ለሚለካ ጦር ሊያገለግል ነው። «መሬቱን ልትለኩ ነው?» ቢባሉ እውነተኛው መልስ «አዎ» ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀ። ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ ተኮሱ። እናቱ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱበትና የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት፣ በዋይት ደሴት፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶውን አነሳችው። ፎቶው ዛሬም አለ። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ አነሳሱም የባለሙያ ነው። የልጁን ዓይን ያየ ሰው ግን ስለ ብርሃኑ ብዙ አያወራም። ዓለማየሁ አገሩን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

አንድ ፎቶ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለተነሳው ሰው ምንም ሳይሰጠው ሊቀር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ምሳሌ የለም።

ከቤተ መንግሥት እስከ ፎቶ ቤት

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ መልኩን ለወጠ። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን የመሳሰሉ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የነበሩ የውጭ ሰዎች ካሜራ ይዘው ነበር። ምኒልክም ለአዲስ ነገር የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። ለንጉሡ ካሜራ በተበረከተላቸው ጊዜ አንዳንድ ካህናት «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ቢሏቸው ምኒልክ ተቆጥተው፣ ይህን ሥራ ያስቻሉትን ነገሮች የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳልሰማ ብለው መለሱ ይባላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው። ከኦቶማን ግዛት የመጣ አርመናዊ ሲሆን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ቤድሮስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሞት ሙያው በልጆቹ እጅ ቀጠለ። ሃይጋዝ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ቶኒ እየተባለ የሚጠራው ቶርኮም ደግሞ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። እንዲህ ካሜራው ከመንገደኛ እጅ ወጥቶ የአገር ነዋሪ ሆነ።

ቀስ በቀስም ከቤተ መንግሥት ወደ ፎቶ ቤት ወረደ። አያቶቻችን የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ በተቀባ መጋረጃ ፊት የቆሙበት ዘመን ይህ ነው። እነዚያን ፎቶዎች አትናቋቸው። ከስተርንና ከናፒር ጦር ፎቶዎች የሚለያቸው ዋና ነገር የተነሣው ሰው ራሱ ፈልጎ መሄዱ፣ እንዴት መታየት እንደሚሻ ራሱ መምረጡ፣ ከፍሎም ፎቶውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከየቤቱ አልበም አሮጌ ፎቶዎችን ሲሰበስብ ያየነው ይህንኑ ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን ለራሳቸው ያስነሱበትን አገር አየን።

መስታወቱ ገብቶ ወጣ

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል። በኅብረታችን በብዛት የሚቀርበው ጥያቄ «ሚረርለስ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ስለሆነ ነው።

ቃሉ «መስታወት የሌለው» ማለት ነው። በስተርን ዘመን የነበሩት ካሜራዎች በአብዛኛው መስታወት አልነበራቸውም። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከካሜራው ጀርባ ባለች ደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ምስሉን ተገልብጦ ያየው ነበር። የስተርን መጽሐፍ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1861፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ሰተን ካሜራ ውስጥ መስታወት የማስገባትን ሐሳብ አስመዘገበ። ብርሃኑ በሌንሱ ገብቶ ዘንበል ያለው መስታወት ላይ ያርፍና ወደ ላይ ወደ ዓይን ይላካል። ፎቶው ሲነሳ መስታወቱ ቀና ይልና ብርሃኑን ያሳልፋል። ይህ ሐሳብ አድጎ የሃያኛው መቶ ዘመን ዋና ካሜራ ሆነ። የሶቪየቷ ዜኒትና የጃፓኑ ኒኮን ኤፍ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። የምናውቀው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ በከፊል የዚያ መስታወት ድምፅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለችውን ካሜራ ሲያወጣ ሌንሱ የሚቀየርና ራሱ ፎከስ የሚያደርግ፣ ግን መስታወት የሌለው ካሜራ ገበያ ላይ ዋለ። በ2013 ሶኒ ባለ ሙሉ መጠን ሴንሰሩን አልፋ 7 አስከተለ። በ2018 ካኖንና ኒኮንም የራሳቸውን ይዘው መጡ። አሁን ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ እኛ የምናየው በትንሽ ስክሪን ነው። ካሜራው ዞሮ ዞሮ መስታወት ወደሌለበት ወደ መጀመሪያው ዘመን ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በሜዳ ያየነው

በጓደኞቼ መካከል ስለዚህ ካሜራ የምንለዋወጠው ልምድ ብዙ ነው። በጎውን ላስቀድም። ቀላል ስለሆነ በእግር ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ከማንሳታችን በፊት ፎቶው ስንት ብርሃን እንዳለው በስክሪኑ ስለሚታይ ጀማሪ ቶሎ ይማርበታል። ድምፁንም ፈጽሞ ማጥፋት ይቻላል። በሰበታ በኩል ወጨጫ ተራራ ላይ፣ በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ጉሬዛ ያነሳ ወንድማችን ይህን ይመሰክራል። ደኑ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ በጽድ ችግኝ እንደተተከለ የሚነገርለት ጥንታዊ ደን ነው፤ የምኒልክ ድኩላም ይገኝበታል። በድሮ ካሜራው አንዴ ሲያነሳ መንጋው ይበተንበት ነበር። አሁን ግን ሳይሰሙት ሃያ ጊዜ ያነሳል።

አስቸጋሪውም አለ። ባትሪ ይበላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። መለዋወጫ ባትሪ ጋቢ ሥር፣ ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ ይረዳል። ሴንሰሩ ፊት ለፊት ስለሚገኝ ሌንስ ስንቀይር አቧራ ይገባበታል። በሱሉልታ ሜዳ በበጋ ንፋስ ይህን የረሳ ሰው፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይመለሳል። እኔ ደርሶብኛል። ለነፋሱ ጀርባ ሰጥቶ፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ መቀየር ነው። ብርሃኑ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቶሎ ይከራል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ነው ጥሩው። እኩለ ቀን ላይ የሰው ዓይን በግንባሩ ጥላ ይዋጣል።

በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ውኃ ለወፍ ወዳጆች የታወቀ ነው፤ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ክንፉ ሰማያዊ የሆነው ዝይ ይታይበታል። ግን ውኃው የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ነው። ግድብ፣ ድልድይ፣ የጸጥታ ተቋም አጠገብ ካሜራ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ግድ ነው። እዚህም ጥያቄው ያው የሽማግሌው ጥያቄ ነው፤ ማን ናችሁ፣ ለምንስ ነው የምታነሱት?

የራሳችን ዓይን

ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው የመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። አቶ ሽመልስ ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። ወደ ለንደን ሲሰደዱ ፎቶዎቻቸውን ይዘው በመሄዳቸው፣ በአገር ቤት ሊጠፋ ይችል የነበረ የአንድ ዘመን ምስል ተረፈ። ሚካኤል ጸጋዬ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ካሜራ አነሳ። «የወደፊት ትዝታዎች» ብሎ በሰየመው ሥራው የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንስቷል። ከስሙ እንደምንረዳው ያነሳው ነገ የሚናፈቀውን ነው። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ የአፍሪካን ፎቶ አንሺዎች በከተማችን ሰበሰበች።

ሙሉጌታ አየነን ግን ለብቻው ላንሳው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ሙሉጌታ በዚያ ሜዳ ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች በ2020 በዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድር በድንገተኛ ዜና የፎቶ ታሪክ ዘርፍ አንደኛ ወጡ። በአንዱ ላይ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር እያነሳች ፊቷ ላይ ትበትናለች። የውጭ ሰው ቢያየው ሊደነግጥ ይችላል። እኛ ግን ለቅሶ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከሚያለቅሱት መካከል ሆኖ ማንሳትና ከሩቅ መጥቶ ማንሳት አንድ አይደለም።

ፎቶው ወደ ባለቤቱ

ወደ ሰንዳፋ ልመለስ። ያን ቀን ስንጨርስ ሽማግሌውን «እርስዎንስ እናንሳዎት?» አልናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ ከስንዴያቸው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም አቁሙ አላላቸውም፤ የፎቶ ቤቱን ዘመን ሰው አቋቋም ራሳቸው ያውቁታል። «እናመጣልዎታለን» ብለን ቃል ገባን።

ልናዘዝ። ፎቶውን በዚያው ማታ ስልኬ ላይ አሳየሁት፤ ብዙ ሰው ወደደልኝ። ለማሳጠብና ይዞ ለመሄድ ግን አራት ወር ፈጀብኝ። ያ ፎቶ ሩቅ የሚገኙ የማላውቃቸው ሰዎች ዘንድ በአንድ ሌሊት ደርሶ፣ ባለቤቱ ዘንድ ለመድረስ አራት ወር ወሰደ። ስተርንን የወቀስኩበት አፌ እዚህ ላይ ተያዘ።

በመጋቢት ሄድን። አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ገለባ ብቻ ሆኗል። ከእርሻው ማዶ፣ በኅዳር ያልነበሩ የቀይ ጫፍ ችካሎች ተተክለዋል። ችካሎቹ የማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። መጀመሪያ ጣታቸውን ያሳረፉት በራሳቸው ፊት ላይ አልነበረም፤ ከኋላቸው ባለው ስንዴ ላይ ነበር። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው አሳዩት። ለእኛም ጠላ ሳይሆን ወተት ቀረበልን፤ እህታችን ቀድማ ነግራቸው ኖሯል።

ካሜራ ወደ አገራችን ከመጣ ከ160 ዓመት በላይ ሆነው። ከካርታ ጋር መጥቷል፣ ከጦር ጋር መጥቷል፣ ከወንጌል ጋርም መጥቷል። ዛሬ በእኛ በወጣቶች ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው በፈጣሪው መልክ የተሠራ ነው ብለን የምናምን ከሆነ፣ የሰውን መልክ ወስዶ መሄድ ቀላል ነገር ሊሆንብን አይገባም። እንጠይቅ፤ ስም እንወቅ፤ ያነሳነውን እናሳጥብና እንመልስ። የሱሉልታን ሜዳ፣ የሰንዳፋን ስንዴ፣ የወጨጫን ጽድ ዛሬ ካላነሳን ልጆቻችን የት እንደነበረ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትራይፖዳችሁን ስትተክሉ አንድ ሽማግሌ መጥተው ያንን ጥያቄ ቢጠይቋችሁ አትሳቁ። ሰላምታ ስጡ፣ ማን እንደሆናችሁ ንገሩ። ከዚያም ፎቶውን ይዛችሁላቸው ለመመለስ ቀን ቁረጡ። እኔ አራት ወር ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።